«አይቻለሁ» የሚለው ቁልፍ

መጋቢት 11 ቀን፣ ሐሙስ
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ቁመቷ ከእናቷ አልፎ ሳለ አሁንም ሚጢጢ ለምትባለው ልጄ፣

ደህና መሆንሽን ከልቤ እጠይቃለሁ። «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን ግን እንደ ወትሮው እዚህ ላይ አልጻፍኩትም፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሦስት ጊዜ ሸሽቼሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ለሦስቱም መልስ ነው።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዘሽ እንደምትይ አውቃለሁ። የስልኩ ፊደል ጥቃቅን ነው፣ አንዱን ስነካ ሌላው ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ለአክስትሽ «ደርሻለሁ» ልላት «ደርቄያለሁ» ብያት ስትስቅ ዋለች። የእጅ ጽሑፌ መተለቁንም አይተሽ አትገረሚ። ከቢሮ አንድ ወገኑ የታተመበት ወረቀት በካርቶን ሙሉ ሰጥተውኛል፤ ወረቀት ከተረፈ ምን ያስጨንቀኛል? አንቺ የምታስታውሺው በደረሰኝ ጀርባ ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የምጽፈውን ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የአልጋሽን ልብስ አጥቤ አንጥፌዋለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ዘይት አጠጥታ ድምፁን ስላጠፋችው፣ እቤት መኖሯን የማውቅበት ጠፍቶኝ በየቀኑ በሯን አንኳኳለሁ። «ሰላም አሳጣሽኝ» ትለኛለች፤ ግን ወንበር ስባ ነው የምትለኝ።

ከመሄድሽ በፊት «እማ፣ ቀኑን ሙሉ ምኑን ነው የምታዪው? ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» ብለሽኝ ነበር።  ዛሬ ልንገርሽ፤ ካልነገርኩሽ የሚከተለው አይገባሽም።

ሆስፒታሉ ስልሳ ሦስት ማሽን አለው። የላቦራቶሪ ውጤት የምታስቀምጠው አለች፣ የመድኃኒት ክፍሏ አለች፣ የካርድ ክፍሏ አለች፣ እነዚህን የሚያገናኙ የኔትወርክ ሳጥኖች አሉ። የእኛ መከታተያ ፕሮግራም በየደቂቃው በተራ ይጠራቸዋል። «አለሽ?» ይላል፤ «አለሁ» ትላለች። አንዷ ዝም ብትል ወዲያው አገር አይረብሽም። ሦስት ጊዜ ይጠራታል፤ ምናልባት ሥራ በዝቶባት ይሆናል። በሦስተኛውም ዝም ካለች ነው እኔን የሚጠራኝ። ደግሞ ለሁሉም ልክ ተቀምጦላቸዋል። ማስቀመጫዋ ሰማንያ በመቶ ከሞላ ቢጫ ይበራል፣ ዘጠና ሲደርስ ቀይ። የማሽኖቹ ክፍል ሙቀት ሃያ ሰባት ዲግሪ ሲሆን ቢጫ፣ ሠላሳ ሁለት ሲሆን ቀይ። ቢጫው «ልብ በሉ» ነው፣ ቀዩ «ሩጡ» ነው።

አንድ የምወድለት ነገር አለ። በአንዲት የኔትወርክ ሳጥን በኩል የሚገናኙትን ማሽኖች ልጆቿ እንላቸዋለን። እናቲቱ ከወደቀች ፕሮግራሙ ስለ ሃያ ልጆቿ ሃያ ጊዜ አይጮህም። «እነሱ ጋ የምደርስበት መንገድ ጠፋኝ» ብሎ ይተዋቸውና ስለ እናቲቱ ብቻ ይናገራል። መጀመሪያ እሷን አንሱ፣ ማለቱ ነው።

ጥሪው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልነካሁት ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስልክ ያልፋል። እሱን ሁላችንም ፊውዝ ነው የምንለው፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። እሱም ዝም ካለ፣ ከሌላ አሥር ደቂቃ በኋላ ወደ አለቃችን ይሄዳል። እኔ ግን ቀድሜ «አይቻለሁ» የምንለውን ቁልፍ ከተጫንኩ ጥሪው እዚያው ይቆማል። «ይህን ሰው ይዞታል፣ ሌላውን አታስቸግር» ማለት ነው። ልብ በዪ፤ ተጠገነ ማለት አይደለም። አንድ ሰው አየው ማለት ብቻ ነው።

ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ወደዚያ ቢሮ መጥረጊያ ይዤ መግባቴን አንቺው ታውቂያለሽ። ከቅርጫት ያወጣሁትን የተጨማደደ ወረቀት ጉልበቴ ላይ እያቃናሁ፣ አንቺ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ስትፈልጊልኝ፣ እኔ በማግስቱ ቃሉ የሚለውን ማሽን ስፈልግ ስድስት ዓመት ሄደ። አንድ ቀን ወለል እየወለወልኩ «ይቺ እኮ ደህና ናት፣ የወደቀችው እናቷ ናት» የሚል ቃል ሲያመልጠኝ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ፊት ያለው ወንበር የእኔ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ከእኔ የተሻለ የሚቀመጥ የለም። ጉራ አይደለም፤ ሌሎቹ ተረኞች የቸገራቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

እና የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ፣ ከምሳ መልስ ነበር። የላቦራቶሪዋ ማስቀመጫ ሰማንያውን ታልፋለች፣ ትመለሳለች፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትጣራለች። እጄ ለምዶት ነበር። ስትጣራ «አይቻለሁ»፣ ስትጣራ «አይቻለሁ»። ያን ቀን ሁለት ቢጫ መስመር ተደራርቦ መጣ። ያው እሷው ናት ብዬ ሁለቱንም ተጫንኳቸው። ሁለተኛው ግን የማሽኖቹ ክፍል ሙቀት ነበር። ማቀዝቀዣው ቆሟል።

ወደ ቀይ ሲሻገርም ድምፅ አላሰማም። ያኔ አቀማመጡ እንዲያ ነበር፤ አንዴ «አይቻለሁ» የተባለ ነገር እስኪፈታ ድረስ አይናገርም። ቀዩ መስመር በስክሪኑ ግራ ጫፍ ላይ ስንት ደቂቃ በራ! እኔም ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ።

ነገሩን ያወቅሁት በእጄ ነው። ወረቀት ላመጣ ስሄድ ግራ ትከሻዬ ከማሽኖቹ ክፍል በር ጋር ተጋጨ፤ ሰሞኑን ከዚያ በር ጋር አልተስማማንም። እንዳልወድቅ መዳፌን ብደገፍበት በሩ ይሞቃል።

«ፊውዝ!» ብዬ ጮህኩ።

ከኮሪደሩ ማዶ «ምነው፣ በሩ ዛሬም መታሽ?» አለኝ።

«ማቀዝቀዣው ቆሟል!»

«ኧረ ባክሽ! ስልኬ መቼ ጮኸ?»

«አይጮህም። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። በሩን ከፍተን ማራገቢያ አቆምን፣ እሱ ማቀዝቀዣው ላይ ወጣ፣ እኔ ማሽኖቹን ማጥፋት ጀመርኩ። የትኛዋ ብትጠፋ ማን እንደሚጎዳ በቃሌ ነው የማውቀው። መጀመሪያ የድሮ መዝገቦችን፣ ከዚያ የስብሰባ አዳራሹን፣ ከዚያ የካርድ ክፍሏን አጠፋሁ፤ እነሱ ለአንድ ሰዓት በእስክሪብቶ ሠሩ። ላቦራቶሪዋንና መድኃኒት ክፍሏን አልነካኋቸውም። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ደርሶ ቆመ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረ። የአንድም በሽተኛ ውጤት አልጠፋም። ፊውዝ ላቡን በኮፍያው እየጠረገ «አንቺ ሴትዮ፣ ያቃጠልሽውም ያጠፋሽውም አንቺ ነሽ፤ ለእኛ ምን አስቀረሽልን?» አለኝ።

በማግስቱ አለቃችን ሰበሰቡን። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ግን «እርስዎ» እንባባላለን።

«መዝገቡ ላይ ቁልፉን የተጫነው ሰው ስም የእርስዎ ነው» አሉ።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ቀይ መስመር እርስዎን ያመልጣል?»

«ጥሪው በዛና ለመድኩት» አልኩ።

ግማሹ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ብናገር ወንበሬን የማጣ መሰለኝ። ስድስት ዓመት ከቅርጫት እያወጣሁ የሠራሁት ወንበር ነው። ፊውዝ ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ እሱ ጣሪያ የሚያየው ሰው ሲዋሽ ነው።

ባዶ እጄን ግን አልገባሁም። ወረቀት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንብበው «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። «ቁልፉን የተጫነችው ሴትዮ» አልኳቸው። ወረቀቱ ይህን ይል ነበር፦ «አይቻለሁ» የሚል ሰው ምን እንዳደረገ በአንድ መስመር ይጽፋል፣ ካልጻፈ ቁልፉ አይሠራም። ጽፎም ነገሩ በሩብ ሰዓት ካልተፈታ ጥሪው እንደገና ይነሣል፤ የተጫነውን ሰው አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ቢጫው ወደ ቀይ ከተሻገረ ደግሞ ቀድሞ የተባለው «አይቻለሁ» እንዳልተባለ ይቆጠራል። በዚያው ሳምንት ደንቡ ገባ። የላቦራቶሪዋንም ማስቀመጫ አሰፉላት። ያን ሁሉ ወር ያንጫጫችን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ደንቡ በገባ በማግስቱ አንድ ቢጫ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን አወጣና «ምን አደረግሽ?» አለኝ። እኔው ያስገባሁት ጥያቄ ነው። ግን የሰማሁት በአንቺ ድምፅ ነው።

በኅዳር «እማ፣ ዓይንሽን ታየሽ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «መልእክትሽን አይቻለሁ» አልኩሽ። በታኅሣሥ «እማ፣ ቀጠሮ ያዝሽ?» አልሽኝ። የአውራ ጣት ሥዕል ላክሁልሽ። በጥር «እማ፣ ምን አሉሽ?» ስትዪኝ አሁንም አውራ ጣት። ከዚያ መጠየቅ ተውሽ። እኔ አኩርፋ ነው ብዬ ነበር። አላኮረፍሽም፤ እናቴ ይዛዋለች ብለሽ ነው። ለአክስትሽ ያልነገርሻትም ለዚሁ ነው። ጥሪው እንዳያልፍ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ልብ አልሽው? አይቻለሁ። ይህን ያለችሽ የማታየው ሴትዮ ናት!

በግራ ዓይኔ ከመስከረም ጀምሮ ሁሉ ነገር በጉም ውስጥ ነው። ቀዩን መስመር ለምጄው አይደለም ያመለጠኝ። አላየሁትም። በሩም ምንም አላደረገኝም።

ትናንት ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ነገርኳቸው። ያን ያህል ጊዜ ስፈራው የኖርኩት ነገር ለመናገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ወንበሩን ለማን ላስረክብ?» አልኳቸው።

ስክሪናቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ከዚያ «እርስዎ እስቲ ይንገሩኝ፤ አንዲት ማሽን ለጥገና ስትወጣ ከዝርዝሩ እንሰርዛታለን?» አሉኝ።

«አንሰርዝም። የጥገና ጊዜ እናስገባላታለን። እስክትመለስ ድረስ ስለ እሷ አይጮህም።»

«እንግዲያ ያስገቡ» ብለው ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፉት። «የራስዎን ስም።»

እኔም አስገባሁ። ስወጣ ፊውዝ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል፣ ሁሉንም ሰምቷል። «መጀመሪያ እናቲቱን አንሱ!» ብሎ ጮኸና ጎን ያለውን የማሽኖቹን ክፍል በር መታ መታ አደረገው። «ከእሷ ትከሻ አንተም እስቲ ትንሽ ረፍት አግኝ» አለው።

የዓይን ቀጠሮዬ መጋቢት 30፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ደብዳቤው ቀድሞ ይደርስሻል፤ የፖስታ ቤቷን ሴትዮ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። የዓይን ሐኪም ቤቱ ቅጽ ላይ «ችግር ቢፈጠር ለማን እንደውል?» የሚል ቦታ አለ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የምጽፈው የአክስትሽን ስም ነበር፣ አንቺን ላለማስጨነቅ። አሁን ያንቺን ጻፍኩ። ቁጥርሽ ረዥም ስለሆነ ከሳጥኑ ወጥቶ ዳር ዳሩን ሄደ። ይሂድ።

እንግዲህ የአንቺና የእኔ ደንብ ይኸውልሽ። በዚያ ማክሰኞ እስከ ምሽት ድምፄን ካልሰማሽ እኔን አልፈሽ ለፊውዝ ደውዪ፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። ቢጮህብሽ አትደንግጪ፣ እሱ ሰላም የሚለው እንደዚያ ነው። ፊውዝም ካላነሳ ለአክስትሽ። ከእንግዲህ «አይቻለሁ» ብልሽ «ምን አደረግሽ?» በዪኝ። አውራ ጣት ብልክልሽ አትቀበዪኝ። አንቺም ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አውራ ጣት እንዳትልኪልኝ። ደውዪ።

ፊደሎቼ የተለቁት ወረቀት ስለተረፈኝ አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው መስመር እንዳወቅሽው አውቃለሁ።

ያን ያቆየሁትን ሰላምታም አሁን ልጻፈው፦ ደህና እሆናለሁ። ያንን ወንበር ያገኘሁት ሰው የጣለውን እያነሳሁ ነው፤ አንድ ዓይን ማንሳት አያቅተኝም።

የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ። በሄድሽበት ወዳጅ ይብዛልሽ። በተጣራሽ ቁጥር በመጀመሪያው «አቤት» የሚልሽ ሰው አትጪ።

እናትሽ፣
የስልሳ ሦስት ማሽን ጠባቂ፣ ለጊዜው በጥገና ላይ

ከፊርማ በኋላ፦ የአልጋሽን ልብስ አጥቤ አንጥፌዋለሁ ያልኩሽ እንዲሁ የቤት ወሬ ነው። ሥራሽን ጥለሽ ነይ ማለቴ አይደለም። ብቻ ንጹሕ ነው።