አሦር እንደተቀመጠች ናት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ብርድ ሲገባ ደረጃ መውጣት ያስቸግርዎት ነበርና አሁን ተሻለዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት ወይስ እማዬን ዛሬም እንቅልፍ ይነሣታል? ምግብ እንደ ድሮው ይበላሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ አካሌ ደህና ነው ማለቴ ነው። ስለ ዓይንዎም መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን በምን አፌ ልጠይቅ? ወደዚያ እስክደርስ ትንሽ ይታገሡኝ። እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ ነው፣ መቼም ያውቁኛል።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደውላልኝ ነበር። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ገበያው፣ ጣሪያው ዛሬም እንደሚያፈስ ስታወራኝ ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባዬ እኮ የቅዳሜውን ትምህርት ተውት" አለችኝ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በረንዳው ላይ የሚያስተምሯቸው የሰፈር ልጆች እንደ ወትሯቸው ቢመጡ "እኔ የማውቀው ያረጀ ነገር ነው፣ ከትምህርት ቤታችሁ ተማሩ" ብለው እንደመለሷቸው ነገረችኝ። የዓለም ካርታውንም ከግድግዳ አውርደው፣ ጠቅልለው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቁመውታል አለችኝ። ጋዜጣ እንኳን አያነቡም አለችኝ። "አንቺ ጋ ደርሰው ከመጡ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት፣ ምን ነካቸው?" ብላ ብትጠይቀኝ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? "መንገዱ አድክሟቸው ይሆናል" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምን እንደነካዎት የምናውቀው እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ለእማዬም ለእህቴም ትንፍሽ እንዳላሉ ከንግግሯ ገባኝ። ገመናዬን ሸፍነው እዚያ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ እዚህ በየቀኑ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ስሜ የተጻፈበትን ባጅ ደረቴ ላይ ለጥፌ ሙዚየሙ ውስጥ ሰው አስጎበኛለሁ። እፍረት እንዲህ ሰውነት ውስጥ ገብቶ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ከመነጽሩ ልጀምር። ያን ዕለት ጠዋት ሙዚየሙን ላሳይዎት ስንወጣ፣ እጀታው የተሰበረውን፣ እማዬ በጥቁር ክር ጠምጥማ ያሰረችውን መነጽርዎን አድርገው አየሁዎትና "አባዬ፣ ዛሬ እንኳን ይሄን ነገር ይተዉት፤ የሥራ ባልደረቦቼ አሉ" አልኩዎት። እርስዎ "እሺ፣ በቤትሽ ሕጉ ያንቺ ነው" ብለው ስቀው አወለቁትና መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጡት። እኔም ኮትዎን አቃናሁልዎት፤ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። በክሩ ነው ያፈርኩት ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያፈርኩት በእማዬ እጅም ነው።

አሁን ደግሞ የራስዎን ትምህርት መልሼ ልተርክልዎት ነው፣ ቢስቁብኝም ይሳቁ። የምተርከው እኔው ራሴ ረስቼው ስለነበር ነው። ታሪክ ሲያስተምሩን ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንድ የጥንት መንግሥት ይሰጡን ነበር። "ግብፅ፣ ተነሺ! ባቢሎን፣ ተነሣ!" ይላሉ፤ አንዱ ሌላውን ድል ሲያደርግ የተሸነፈው ይቀመጣል። ሃይማኖት የተሰጠው ተማሪ ግን አይቀመጥም፣ በዴስኮቹ መሀል ይሄዳል። የቡድሃን ትምህርት የያዘችው ልጅ ከሕንድ ተነሥታ በጥቁር ሰሌዳው ሥር አልፋ ቻይና ትደርሳለች። ክርስትናን የያዘው ሮም ቆማ ሳለች ገብቶ፣ ሮም ስትቀመጥም መሄዱን አይተውም። እስልምናን የያዘችው ከበሩ በኩል ተነሥታ በአንድ ትንፋሽ መስኮቱ ጋ ትደርሳለች። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጫጫታውን ሰምተው በሩን ከፍተው "ምን እየተካሄደ ነው?" ቢሉዎት፣ "ሮም እየወደቀች ነው፣ ጥቂት ይታገሡን" ብለው መለሱላቸው። "ተነሣ ተቀመጥ" የሚለው ቅጽል ስም የወጣልዎት ያን ቀን ነው።

ለእኔ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ አሦር ነበር። ለልጁ ያደላል እንዳይባሉ ቶሎ የሚወድቀውን ይሰጡኛል፤ ባቢሎንን የሚይዘው ያ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ክንዱን አጣጥፎ ይስቅብኛል። "አሦር፣ ተቀመጪ!" ሲሉኝ ኩርፊያዬ ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። ምሳ አልበላም ብዬ ስንቴ እማዬን አስጨንቄያታለሁ።

ዕድሜ ልክዎን እንዲያ ሲያስተምሩ የኖሩትን አንዲት ስባሪ ሸክላ እንኳን በዓይንዎ አይተው አያውቁም ነበር። ለዚህ ነው ወደ አዳራሹ ስንገባ ባርኔጣዎን ያወለቁት። የሸክላ ጽሑፎቹ ፊት ሲቆሙ መስታወቱን በመዳፍዎ ሲዳብሱ አይቻለሁ። ፋርሶች እሳት የሚያነዱበት የጸሎት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ፤ የቡድሃው ራስ ጋ ሲደርሱ ደግሞ "እኔ የማውቃት ቡድሃ ባለ ሁለት ሹሩባ ነበረች" ብለው አሳቁኝ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ አለቃዬ ከብዙ እንግዶች ጋር መጣች። የምታስጎበኛቸው ባልደረባዬ ታማ ቀርታለችና አንቺ ተኪ አለችኝ። በቋሚነት ልትቀጥረኝ እያመነታች የነበረችበት ጊዜ ነው፣ ይህን ነግሬዎታለሁ። ተደናገጥኩ። አባቴ ናቸው ብዬ ማስተዋወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሱን ትቼ አግዳሚ ወንበሩን አሳይቼዎት "እዚህ ይቀመጡ፣ አይነሡ" አልኩዎት። እርስዎም ተቀመጡ።

የሰው ራስ፣ የበሬ ገላና የንስር ክንፍ ያለው ትልቁ ድንጋይ ከወንበርዎ ፊት ለፊት ነው። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ "ይህ ምንድነው?" ብላ እርስዎን ጠየቀች። ተማሪ ጠይቆዎት ዝም ያሉበት ቀን የለምና ብድግ አሉ። "ይሄ የባቢሎን በር ጠባቂ ነው" ብለው ጀመሩ። ድምፅዎ እንደ ድሮው ከፍ አለ፣ እጅዎ ተንቀሳቀሰ፤ እንግዶቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ከእኔ ወደ እርስዎ አዞሩ። ፍርሃት ይሁን ቅናት እንጃ፣ ደሜ ፈላ። "አባባ፣ ተሳስተዋል" አልኩ፤ መንገድ ላይ ለማገኘው ሽማግሌ እንደምለው። "ይሄ የባቢሎን አይደለም፣ የአሦር ነው። ከሥሩ ተጽፏል እኮ፣ ማንበብ ነው።" አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቃቸው ጣፍጦኝ፣ በድሮ መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደሚምታታባቸው ጨመርኩላቸው።

እርስዎ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አሉ። ሊያዩት እንዳልቻሉ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ቀና ብለው "ልክ ነዎት። ይቅርታ፣ ሥራዎን አስተጓጎልኩ" አሉኝ። ልጅዎን "እርስዎ" አሉኝ፤ እንዳላሳፍርዎት ሳይሆን እንዳያሳፍሩኝ ብለው። ባርኔጣዎን አድርገው ወደ ወንበሩ ተመለሱ። አለቃዬ ጠጋ ብላ "ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ?" አለችኝ። "አላውቃቸውም፣ ጎብኚ ናቸው" አልኳት።

ድንጋዩ የአሦር ነው፣ አባዬ። ልክ ነበርኩ። ልክ ሆኜ የዚያን ቀን ያህል ያፈርኩበት ጊዜ የለም። መነጽርዎን አስወልቄ ማንበብ ነው የምል እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ራት ስንበላ ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርስዎ ግን "ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ መጨረሻ የቆመው ሰው ድረስ ይሰማል" አሉኝ። በማግስቱ፣ ገና ሳምንት ይቆያሉ ስል፣ ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያውን ላስጠግን ብለው ሻንጣዎን አነሡ። ጣሪያው ዛሬም እንደሚያፈስ እህቴ ባትነግረኝ ኖሮ ሰበብዎን አምኜልዎት እቀር ነበር። ከሄዱ በኋላ አቧራ ስጠርግ መነጽሩን መደርደሪያው ላይ፣ ያስቀመጡበት ቦታ አገኘሁት። ረስተውት ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ነገር ግን በሩ ላይ ቆመው ወደ መደርደሪያው አንዴ ሲመለከቱ አይቻለሁ። በቤቴ ሕጉ የእኔ ነው ብለውኝ ነበርና ሕጌን አክብረው ሄዱ። ያለ መነጽር ካርታ አይነበብም፣ ጋዜጣም አይነበብም።

ከትናንት በስቲያ ተማሪዎች መጥተው ነበር፤ ልብሳቸው ሁሉ ጠመኔ የነካው፣ ማዛጋት የጀመሩ። አሰልቼያቸው ነበር። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ "ግብፅ፣ ተነሺ!" አልኩ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ አዳራሽ መሆኑ ቀረ። ፋርስ ተነሣች፣ ባቢሎን ተቀመጠ፣ ሃይማኖቶቹ በመስታወት ሣጥኖቹ መሀል ይሄዱ ጀመር፤ ጥበቃው በድንጋጤ እየሮጠ መጣ። ሮም ከተቀመጠች በኋላ አመሰግናለሁ፣ ጨረስን አልኳቸው። ያኔ አሦርን የሰጠኋት፣ መሬት ላይ እግሯን አጣጥፋ የተቀመጠች ልጅ "እኔስ? እንዲሁ እንደተቀመጥኩ ልቅር?" አለችኝ።

አባዬ፣ ዋናውን ነገር ረስቼው ነበር። ማን ማንን መቼ እንደጣለ በቃሌ ይዤ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ወደቁት እየሄዱ የሚጠይቁትን ረስቼው ነበር። "ምን ትተሽልን ሄድሽ?" ይሉ ነበር። ግብፅ ወረቀቷን፣ ባቢሎን ሕጉን፣ ሮም መንገዷን ጠርቶ ይነሣል። እኔ "በሸክላ የተጻፈ ቤተ መጻሕፍት" ብዬ ዘልዬ ስነሣ ይስቁልኝ ነበር። ትምህርቱ የሚያልቀው ሁላችንም ቆመን ነው፤ አንድም ሰው ተቀምጦ አስቀርተው አያውቁም። ልጅቷን ጠየቅኋት። ዞር ብላ ትልቁን ድንጋይ አየችና "ይሄን በሬ" ብላ ተነሣች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አለቃዬ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ይህን ከየት አመጣሽው አለችኝ። "ያን ጊዜ ያረምኳቸው ሽማግሌ አባቴ ናቸው፤ ትምህርቱም የእሳቸው ነው" አልኳት። "አባትሽ? ታዲያ እዚያ ወንበር ላይ ብቻቸውን..." ብላ አልጨረሰችውም። ሥራውን ትስጠኝ አትስጠኝ ገና አልነገረችኝም። ያልጨረሰችው ነገር ግን ከስድብ በላይ ዘልቆ ገባ።

መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአውቶቡሱ ሾፌር ያደርስልዎታል። መነጽር ሠሪው ክሩን ቆርጬ አዲስ እጀታ ልግጠምለት ቢለኝ እምቢ አልኩት። እማዬ ያሰረችውን ማስፈታት የእኔ ፈንታ አይደለም። ሌንሱን ብቻ አስወልውዬዋለሁ። እባክዎ አባዬ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ ያድርጉትና ካርታውን ይስቀሉ፣ ልጆቹንም ያስጠሩ። እኔ ስለበደልኩ እነሱ ለምን ተቀምጠው ይቀራሉ? ደግሞም ይምጡ። ቢመጡ ባለ ክሩን መነጽር እንዳደረጉ እጅዎን ይዤ፣ እያንዳንዱ ሰው ፊት እየቆምኩ አባቴ ናቸው እላለሁ። ይህን ብዬ ያለፈው ይፋቃል ማለቴ አይደለም።

እማዬን ሁለቱንም እጆቿን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ ይንገሯት አይንገሯት ለእርስዎ ትቼዋለሁ። እህቴን ዋሽቼሻለሁ ብላሻለች ይበሉልኝ፣ ባሏንም ጣሪያው ላይ እባክህ ውጣ ብላሃለች ይበሉልኝ። ሕፃኗን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን፣ ዛሬም ሰው ሁሉ ባቢሎን የሚለውን የመብራት ሠራተኛ፣ ሳቅህ ልክ ነበር ይበሉልኝ። በረንዳው ላይ የሚጠብቁትን ልጆች በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ።

እኔ ወድቄ ተቀምጫለሁ፣ አባዬ። ምን ትተሽ ሄድሽ ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስም አልነሣም።

ልጅዎ፣ አሦር

ከሙዚየሙ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ቅዳሜ ጠዋት፣ በትምህርትዎ ሰዓት፣ ሰኔ ፲፬ ቀን