ግማሽ ድንኳን

ውድ አርዲት፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣውን ረጅም ካርቶን ቀድመሽ ከፍተሽው ከሆነ፣ ውስጡ ያለውን አይተሽ ግድግዳ ላይ ወርውረሽው ይሆናል። አልፈርድብሽም። ካልከፈትሽው ግን እባክሽ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ተይው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ካርቶኑን ነበር የምቀደው። አንቺ ግን ተራሽን የምትጠብቂ ሰው ነሽ፤ ዕድሜ ልኬን የተሳለቅኩብሽም በዚሁ ነው።

ሆስፒታል ልጠይቅሽ የመጣሁ ቀን ያልሽኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እግርሽ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ጉንጭሽ በውርጭ ተላልጧል፣ ከትራሱ ቀና ብለሽ አየሽኝና «ዘንጎቹን ይዘሻቸው መጣሽ?» አልሽኝ። ነርሷ ሳቀች። አንቺም ሳቅሽ። እኔ መኪናዬን ያለ ቦታው ነው ያቆምኩት ብዬ ወጣሁና በዚያው ቀረሁ። መኪናዬ ቦታው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን አላነሳሁም። በቤትሽ በር ላለማለፍ ስል ወደ ሥራ የምሄደው በድልድዩ ዞሬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «እያገገመች ነው፣ ደህና ናት» እላለሁ፣ በየቀኑ እንደማይሽ ሁሉ።

ድንኳኑን የገዛን ቀን ትዝ ይልሻል? በረዶው መቅለጥ ጀምሮ የሱቁ ደጃፍ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። እኔ ገና ከበሩ ሳልገባ መርጬ ጨርሼ ነበር፤ ያቺን በመራመጃ ዱላ የምትቆመውን፣ ብታነሺያት ከአንድ ዳቦ የማትከብደውን። አንቺ ግን ጫማሽን አውልቀሽ ወለሉ ላይ የተተከሉት ድንኳኖች ውስጥ በየተራ እየገባሽ መተኛት ጀመርሽ። ካልሲሽ በበሩ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ድምፅሽ ከውስጥ ይመጣል።

«ይሄ ጎኑ መረብ ነው። በረዶው እንደ ዱቄት እየነፈሰ ይገባል። ለበጋ ሽርሽር ይሁን።»

ቀጥሎ ከሌላው ውስጥ፦ «ይሄ ደግሞ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። በረዶ ተከምሮበት አፍንጫችን ላይ ይወርዳል።»

ባለሱቁ ሌማን እጁን ኪሱ ከትቶ ያይሻል፤ እኔ በሀፍረት የጓንት ዋጋ የማይ እመስላለሁ። በመጨረሻ ያ ዝቅ ያለው ብርቱካናማ ድንኳን ዘንድ ደረስሽ። ዘንጎቹ በብዙ ቦታ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። የላይኛው ልባሱ እስከ መሬት ይወርዳል፣ በየጎኑ የሚወጠር ገመድ አለው፣ በሩ ፊት ለፊት ደግሞ እርጥብ ጫማ የሚወልቅባት ትንሽ በረንዳ አለችው። አናቱን በሁለት እጅሽ ይዘሽ እንደ ተያዘ ሌባ ወዘወዝሽው። ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ነው» አልሽ።

«ይሄማ ጎተራ ነው! ማን ሊሸከመው ነው? በቅሎ ልንከራይ ነው?»

«ድንኳን የሚመረጠው ለመልካም ቀን አይደለም እህቴ። ለመልካም ቀን የዛፍ ጥላ ይበቃል።»

«እናንተ ሴቶች» አለ ሌማን፣ «ድንኳን ነው ወይስ ባል የምትመርጡት?»

«ባል ቢሆን እንዲህ አንለፋም ነበር። ነፋስ ሲመጣ እንደማይቆም ሁለታችንም አይተነዋል» አልሽው።

ሌማን እስኪያስለው ሳቀ። ሲጠቀልልልንም «ሁለት ሰው ያስተኛል፤ ከተዋደዳችሁ» አለ።

ክብደቱን ለሁለት ተካፈልነው። ጨርቁና ልባሱ ላንቺ፣ ዘንጎቹና ካስማዎቹ ለእኔ። ከተራራ ስንመለስም እንዲያው እንደተካፈለ በየቤታችን ያድር ነበር፤ ግማሹ ካንቺ ቁም ሣጥን፣ ግማሹ ከእኔ ምድር ቤት። «እንዲህ ከሆነ አንዳችን ሌላዋን ጥላ መውጣት አትችልም» ብለሽ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ወር አዝጋሚ አረማመድሽን አይቼ ቀንድ አውጣ የሚል ስም አወጣሁልሽ። አልተቀየምሽም። «ቀንድ አውጣ እኮ ቤቷን ይዛ ነው የምትዞረው» አልሽና እኔን ጥድፊያ አልሽኝ። መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ የሚያውቀን በነዚያ ስሞች ሆነ።

ከዚያ ያ የጥቅምት ቅዳሜ መጣ። ከረጃጅሞቹ ተራሮች አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አንቺ ሁሉንም ጨርሰሽ፣ ሁሉንም ለወጣ ሰው የሚሰጠውን ባጅ ቦርሳሽ ላይ ከሰፋሽ ዓመታት አልፈዋል፤ የመጣሽው ለእኔ ስትይ ነው። ጉልበትሽ እንደሚያምሽ አውቅ ነበር፤ ጠዋት መኪናው ውስጥ ስታሺው አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ። ያሰብነው ኮርቻው ላይ፣ ከጫፉ በታች ባለው ዝቅ ያለ የተራራው ወገብ፣ ድንክዬዎቹ ጥዶች አጠገብ ድንኳኑን ተክለን አድረን በነጋታው ጫፉን ልንወጣ ነበር። ኮርቻው ሳንደርስ ግን ጫፉ ከወዲያ በኩል ወለል ብሎ ታየኝ። ከምዕራብ ግራጫ ነገር እየመጣ ነበር። ያንንም አይቻለሁ።

«ነገ ጉም ይሆናል» አልኩሽ። «አሁን ፈጠን ብንል እንደርሳለን።»

«አልችልም ሮዌና። ነገ አብረን እንወጣዋለን። ካልሆነም ሌላ ቅዳሜ፤ ተራራው የትም አይሄድ።»

«ተራራው አይሄድም፣ አንቺም አትሄጂም! አንቺን ስጠብቅ አረጀሁ እኮ!»

ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ፤ ፊትሽ ላይ ሲያርፍም አይቻለሁ። ዱላሽን መሬት ላይ ተከልሽ። ከዚያ «ሂጂ» አልሽኝ። «ሂጂ ጥድፊያ። ኮርቻው ላይ እጠብቅሻለሁ።»

ሄድኩ። ጥቂት እንደራቅኩ ስትጠሪኝ ሰማሁ። ደግመሽ ጠራሽኝ። ልትጨቃጨቂኝ መስሎኝ ዞሬ አላየሁም። አሁን ሳስበው ስለ ዘንጎቹ ነበር።

ጫፉን ነካሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነፋሱ ግን ቆሜ እንድደሰት አልፈቀደልኝም፣ በአራት እግሬ ነበርኩ። ፊቴን ወደ ኮርቻው ሳዞር ዓይኔን እንኳ መግለጥ አቃተኝ፤ የበረዶ ፍንጣሪ እንደ አሸዋ ይመታል። ጀርባዬን ስሰጠው ደግሞ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወርደው ሌላኛው መንገድ ቀለለኝ። ሁለት ጊዜ ወዳንቺ ጀመርኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በመጨረሻ «ድንኳኑ እሷ ጋ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ የሚሰማኝ ሰው ያለ ይመስል። ይህን እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ።

ከመንገዱ ዳር ያለው የተጓዦች ማረፊያ ስደርስ እየመሸ ነበር። ጓደኛዬ ተራራው ላይ ቀርታለች ስላቸው ወዲያው ደወሉ፤ የፍለጋ በጎ ፈቃደኞቹ መጡ። አለቃቸው ኦርሰን ጢሙ ላይ ውርጭ ይዞ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ምን ይዛለች?»

«ድንኳን ይዛለች። የክረምት ድንኳን ነው። ራሷ ናት የመረጠችው፣ ለእንዲህ ያለው ቀን ብላ።»

«እሰይ!» አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ብልህ ሴት ናት። በዚህ ነፋስ ሸንተረሩ ላይ ሰው አልልክም፤ ጋብ እስኪል እንጠብቅ።»

አንዲት ልጅ አንድ ሳህን የበቆሎ ሾርባ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ወደ ምድጃው ልጠጋ ብዬ ቦርሳዬን በእግሬ ገፋ አደረግኩት። ወደቀ። ማንኪያ የሞላ መሳቢያ ሲዘጋ እንደሚሰማው ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። አርዲት፣ ምን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽን ማንም አያውቅም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘንጎቹን ረስቼ ይዤ መውረዴን ነው፤ አንቺም ነርሷን ያሳቅሻት በዚያ ነው። እኔ ግን ካስታወስኩ በኋላ ዝም አልኩ። ሾርባውን በላሁ። ማንኪያውን አነሳለሁ፣ አኖራለሁ፤ ብነግራቸው ኦርሰን እንዴት እንደሚያየኝ፣ ሾርባውን የሰጠችኝ ልጅ ምን እንደምትል አስባለሁ። አንቺ ተራራው ላይ ጨርቁን ይዘሽ ነፋስ ውስጥ ቆመሽ፣ እኔ እታች ስለ ሰው ፊት እጨነቃለሁ። ሳህኑን እስከ ታቹ ጨርሼ፣ በዳቦ ጠርጌው ነው አፌን የከፈትኩት።

«ዘንጎቹ እኔ ጋ ናቸው» አልኩ።

«የምን ዘንግ?» አለ ኦርሰን።

«የድንኳኑ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ። ኮቱን ከመስቀያው አነሳና «ተነሱ» አለ፤ ነፋሱ ጋብ አላለም ነበር፣ እነሱ ግን ወጡ።

ያገኙሽ ድንክዬዎቹ ጥዶች ሥር ተኮራምተሽ ነው። ጨርቁን ተጠቅልለሽ፣ ገመዶቹን ከየግንዱ አስረሽ፣ የልባሱን ጫፍ ድንጋይ ጭነሽበት። ኦርሰን «ያለ ምሰሶ ቤት የሠራች ሴት አይቼ አላውቅም» ብሎ አሁንም ለሰው ያወራልሻል። ግን የግራ እግርሽን ሁለት ጣቶች ቆረጧቸው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ «ትንሽ ቀደም ቢሉ ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። እኔ ስጨርስለት ነው የከረምኩት። አንድ ሳህን ሾርባ ስንት ጣት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር፤ ምናልባት ደግሞ አንዱ ጣትሽ ይተርፍ ነበር። አንቺ ግን ለመጣው ሁሉ «እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት» ትያለሽ አሉ። እንዲህ ስትከላከዪልኝ ነው ዓይንሽን ማየት ያቃተኝ።

ባጁ ባለፈው ሳምንት በፖስታ መጣልኝ። መርፌና ክር ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ከዚያ የሚወጣም አይመስለኝም።

አሁን ስለ ካርቶኑ። ዘንጎቹን በየተራ ጠራርጌ፣ ካስማዎቹን ከነጭቃቸው አጥቤ አስገባሁልሽ። ከዚያ ያው አመሌ መጣ። አንዷን ዘንግ መልሼ አወጣሁና በሩ ጥግ አስደገፍኳት። አንዷ ከጎደለች ድንኳኑ አይቆምም፣ እሷን ፍለጋ ትመጫለሽ፣ ልትሰድቢኝም ቢሆን ትመጫለሽ ብዬ። ካርቶኑን አሽጌ፣ አድራሻሽን ጽፌ፣ ኮቴን ለብሼ በሩን ስከፍት ዘንጓ ወለሉ ላይ ወደቀች። ያው ድምፅ። እንዲያ ቆሜ ቀረሁ። አንቺን ያለ ዘንግ ትቼሽ፣ ይኸው ሁለተኛ ላደርገው ነበር፤ ያውም ናፈቅሽኝ ብዬ። ኮቴን ሳላወልቅ ካርቶኑን ቀድጄ ከተትኳት። እሽጉ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

አሁን ሁሉም አንቺ ጋ ነው። ያለ እኔ ይቆማል፤ እግርሽ ሲድን ከወደድሽው ሰው ጋር ውጪበት፣ ቅር አይለኝም። ውሸቴን ነው፣ ቅር ይለኛል፤ ግን አልናገርም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ስለ ሾርባው ሳታውቂ ይቅር ያልሽኝ አይቆጠርም፣ አውቀሽ ምን እንደምትይ ደግሞ ያንቺ ነው። እኔ የምችለው ይህን ብቻ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራ የምሄደው በደጃፍሽ በኩል ነው፣ ቀስ ብዬ። ስልኬ ከጮኸም አነሳለሁ።

ሌማን ያለውን ግን አልረሳሁትም። ሁለት ሰው ያስተኛል።

ጥድፊያሽ፣
ሮዌና