ዶክተር ዶርካስ ወልዴ እና የኦራንጉታኖቹ ዘር
(1961–2025)

ዶክተር ዶርካስ ወልዴ ከአባታቸው ከመጋቢ ወልዴ ኤርጫፎ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ካሰች ላምቦሬ እ.ኤ.አ. በ1961 በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቀው በ1986 ወደ አሜሪካ መጡ፤ በእንስሳት ጄኔቲክስም ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1993 ከአቶ ግሩም ተሰማ ጋር እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ማዕዶትን ወለዱ።

በሰፈራችን “የዝንጀሮ ዶክተር” እየተባሉ ብዙ ተስቆባቸዋል። ከሳቁት አንዳንዶቹ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። እሳቸው ግድ አልነበራቸውም፤ እኛ ግን አልረሳንም።

በ2011 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቀጠራቸው። ድርጅቱ ከነጋዴዎች እጅ የተነጠቁ፣ ኦራንጉታን የሚባሉ ባለ ቀይ ፀጉር ትልልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ግልገሎችን አሳድጎ ቦርኒዮ ደሴት ጫካ ውስጥ ይለቃል። በደንብ የሚያውቀው ፎቶ ማንሳት ነበር። የተለቀቁት ከማን ጋር እንደሚዋለዱ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ዶክተር ዶርካስ ፀጉርና ዓይነ ምድር መርምረው፣ ዙሪያው በተመነጠረው በዚያ ጫካ ከተወለዱት አብዛኞቹ የአንድ ወንድ ልጆች መሆናቸውን ደረሱበት። ሴት ልጆቹ ለመውለድ ደርሰዋል፤ ካባታቸውና ከወንድሞቻቸው በቀር የሚያገኙት ወንድ የለም። እሱ ይዛወር፣ ዝምድና የሌላቸው ይምጡ፣ አለዚያ ዘሩ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል አሉ። ችግሩ፣ ያ ወንድ በድርጅቱ ፖስተር ሁሉ ላይ የተለጠፈው መሆኑ ነው።

በ2013 የድርጅቱ ዳይሬክተር ፌርፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዛቸው። በእጁ መብላት መቻሉን ለአስተናጋጇ እያሳየ፣ “ዶርካስ፣ ሰው የሚለግሰን የዚያን ወንድ ፊት አይቶ ነው እንጂ ዘረ መሉን አይቶ አይደለም” አላቸው።

“እናንተን የሚያኖራችሁ ፊቱ ነው፤ እነሱን የሚገድላቸው ዝምድናቸው ነው” አሉት።

እጁን ሳይታጠብ ከሥራ አሰናበታቸው።

ኮሌጅ እያስተማሩ ሳለ በዚያ ጫካ የሚወለዱት ግልገሎች ተራ በተራ ሞቱ። ድርጅቱ “ተፈጥሮ ጨካኝ ናት” ብሎ ከሻማ ሥዕል ጋር ፖስት አደረገ። በ2018 ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ቫን ናይስ ቤታቸው ድረስ ድራይቭ አድርጎ መጥቶ እንዲመለሱ ለመናቸው። አቶ ግሩም፣ “እንደ ቆሻሻ ጥለውሽ! እንዳትሄጂላቸው” ብለው ነበር።

“እንስሶቹ አላባረሩኝም” አሏቸውና ሻንጣቸውን አወረዱ።

ወንዱ ተዛወረ፤ ዝምድና የሌላቸው ሌሎች ተለቀቁ። በ2022 ጤነኛ ግልገል ተወለደች። ድርጅቱ ሐሳቡ ከመነሻው የራሱ እንደነበር አወራ፤ ዶክተር ዶርካስንም “ከአማካሪዎቻችን አንዷ” አላቸው። እኛ ስንናደድ እሳቸው፣ “ገና ነው። ልጅዋ ስትወልድ፣ የልጅ ልጅዋም ስትወልድ ነው የሚታወቀው” ይሉን ነበር።

በቆሽት ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025) በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው እና ታናሽ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ድርጅቱ በዚህ ሥርዓት ላይ ንግግር ለማድረግ ጠይቋል። ቤተሰቡ አልፈቀደም።

ፍጥረቱን ሁሉ የሚወድ ጌታ ድካማቸውን በዕረፍቱ ይካስልን፤ ግሩምንና ማዕዶትን ያጽናናልን።

ታናሽ ወንድማቸው ፍፁም ወልዴ