አምባዛውን ድብ አደረግኩት

ጥር 11፣ ሰኞ

በረዶው መስኮቱ ድረስ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እሰይ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፍ ነው ስል የኤልጂን ትራክተር ደጄ ላይ ማጓራት ጀመረ። መንገድ ሊጠርግልኝ መጣሁ ይላል። የጎረቤቶቼን ግን አልጠረገም።

ገባ። ሻይ። ከትናንት የተረፈ የተጠበሰ ቂጣ ከነማሩ። በሆኪ ጨዋታ ባጣው ጥርስ ቦታ ሳቁ ፉጨት ይመስላል። "ድቧ አሁንም እየጻፈች ነው?" አለኝ። ድቧ ነው የሚለኝ፤ በአባቴ የድብ ጎሳ ነኛ። እሱ ደግሞ አምባዛ፣ የዓሣው ጎሳ። አክስቴ ቬርና መጀመሪያ ያየችው ቀን "የማን ጎሳ ነህ?" ስትለው "አምባዛ ነኝ፣ ተመስገን ነው። ድብ ብሆን ኖሮ የዚህች ልጅ ወንድም ሆኜ ልቀር ነበር" ብሎ የመንደሩን አዳራሽ በሳቅ ገደለው። ከአንድ ጎሳ መጋባት እኛ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ዘንድ ነውር ነው። የት ተወለድሽ የት አደግሽ የለም፤ ድብና ድብ እህትና ወንድም ናቸው፣ አለቀ።

ልብወለዴ ስለ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊና ስለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ፍቅር ነው፤ ሥራቸው የኔና የኤልጂን ሥራ ነው። ልጅቷ እንደኔ ድብ፣ ሰውየው እንደሱ አምባዛ። አንድ ገጽ አላሳየሁትም፤ ግን ያውቃል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

"መጨረሻው ላይ ታገባዋለች?"

"አልነግርህም።"

"እንግዲያው መጽሐፉ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። መልሴን እዚያው አነበዋለሁ። ለመጠየቅ ፈሪ ነኝ፣ ታውቂያለሽ።"

ሳቅን። ቂጣውን ጨርሶት ሄደ።

ቀልድ ነበር? የኛ ሰው የምሩን የሚናገረው በቀልድ ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል…


ጥር 19

ወሰዱት! ከወራት በፊት የላክሁላቸውን ልብወለድ የቶሮንቶ አሳታሚ ወሰደው! ሜሬዲት የምትባል አርታኢ ጻፈችልኝ። ወደ አክስቴ ቬርና ቤት በሩጫ። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ቀልዷን ጀመረች። "በነጮቹ መጽሐፍ ሁሌ እየሞትን ነው፤ ካልሞትን ደግሞ ለሰው ምክር እየሰጠን ነው። እስቲ አንዴ እንኳ እየተሳሳምን እንታይ!"

እኔም የጻፍኩት ለዚህ ነው። የሚስቅ፣ የሚዋደድ፣ መኪናው የማይነሳለት የኛ ሰው ይታይ ብዬ።


የካቲት 8

ሜሬዲት ደወለች። ደግ ሴት ናት፣ ድምጿ ማር። መጽሐፉን በጣም ወዳዋለች። ግን…

ሰውየው ወሬ አያበዛም? ቀልዱ ትንሽ ቢቀንስ? ጥርሱስ የግድ መጉደል አለበት? አክስትየዋ የቁጥር ዕጣውን ቢንጎ ከምትጫወት አዋቂ አሮጊት ብትሆን፣ አንዳንድ ቁምነገር ብትናገር…

"አምባዛ ደግሞ…" አለች። "ሰውየው ሲስም አንባቢ ዓሣ እንዳይታየው ፈራሁ። ድብ ቢሆንስ? ድብ ጠንካራ ነው።"

ላስብበት አልኳት። ምኑን ነው የማስበው? አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር'ኮ።


የካቲት 10

እሺ አልኩ።


የካቲት 23

ለመጽሐፉ ሰውዬ ፈረስም ሰጠሁት። ኤልጂን ፈረስ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

አምባዛውን ወደ ድብ መለወጥ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን አዘዝኩት፣ በአንድ ቁልፍ ሁሉም ቦታ ተለወጠ። ቀልዶቹን ግን አንድ በአንድ በእጄ ቆረጥኩ። አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ገብቶበት ሰውየው ልጆቹን ሲያዘፍናቸው ያለውን ክፍል ጭምር። አክስትየዋ አሁን መስኮት ላይ ተቀምጣ ስለ ንፋስ ታወራለች። አክስቴ ቬርና ስለ ንፋስ አንድ ነገር ብቻ ነው ስትናገር የሰማሁት፤ እሱም የሚጻፍ አይደለም።

ሜሬዲት "አሁን ልቤን ነካኝ" ብላ ጻፈች። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።


ሚያዝያ 22

በረዶው ከሐይቁ ላይ ለቋል። ኤልጂን ዓሣ ይዞ መጣ፣ አጽድቶ፣ ሙዳ ሙዳውን በጋዜጣ ጠቅልሎ። "ያ የመጽሐፍሽ ሰውዬ እንዴት ነው? ደህና ይዘሽዋል?"

"ደህና ነው።"

"ወፍሯል?"

"አልወፈረም።"

"ውሸት ነዋ የጻፍሽው!" ሆዱን በእጁ መታ መታ አደረገ።

ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ዓሣውን ማጠብ ጀመርኩ። የጸዳ ዓሣ።


መስከረም 6

መጽሐፉ መጣ። ሽፋኑ ላይ ደረቱ የተራቆተ፣ ፀጉሩ ወገቡ የደረሰ ወንድ ፈረስ ላይ። ከበስተኋላው በረዶ። አይበርደውም?

ስሜ ትልቅ ሆኖ ተጽፏል። አሥር ጊዜ ዳሰስኩት።

አንድ ለአክስቴ ቬርና ሰጠሁ። አንድ ለኤልጂን። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ። ሽፋኑን አየና "ይሄ ማነው?" አለ። እየሳቀ ነበር። ውስጡን ገና አላየም።


መስከረም 9

ጉድ ፈላ።

የቢንጎ ቀን ነው። አክስቴ ቬርና በእረፍት ሰዓት ማይኩን ቀማች። "ሴቶች፣ ጸጥ በሉ! ልጃችን የጻፈችውን ላነብላችሁ ነው።" ከመስኮት አስቀምጬ ስለ ንፋስ ያስወራኋት ሴት እሷ መሆኗን እንደምታውቅ እስካሁን አልነገረችኝም። ስላላወቀች ግን አይመስለኝም።

የመሳሳሙን ቦታ መረጠች፣ ሌላ ምን ትመርጣለች። ሰውየው ከፈረሱ ወርዶ የልጅቷን ፊት ይይዛል፤ "እኔ የድብ ልጅ ነኝ፣ የያዝኩትን አልለቅም" ይላል። ሴቶቹ ኡኡታ አቀለጡት።

ከኋላ አሮጊቷ አግነስ እጇን አወጣች። "ቆይ ቆይ። ልጅቷስ የማን ጎሳ ናት?"

አክስቴ ገጹን ወደኋላ ገለጠች። ገለጠች… የአያትየው ቀብር ጋ ቆመች። እዚያ ልጅቷ ድብ ናት። እንደኔ። ከመጀመሪያውም ድብ ነበረች።

ክው አልኩ።

ከዚያ አግነስ፦ "ውይ በሞትኩት! ወንድሟን ሳመችው!"

አዳራሹ ፈረሰ። ጠረጴዛ የሚደበድቡ፣ መነጽር አውልቀው የሚያለቅሱ፣ አንዷማ ሰው ሰራሽ ጥርሷን በእጇ ይዛ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? እንዴት አላየሁም? ሃምሳ ጊዜ አንብቤዋለሁ! ሜሬዲት ባታይ አይገርምም። ለእሷ ጎሳ ጌጥ ነው፣ እንደ ጆሮ ጉትቻ፤ ይሄኛው አላማረም፣ ያኛውን አምጪ። የካቲት ውስጥ ለእኔም ጌጥ ሆኖብኝ ነበር ማለት ነው።

ሳቁ ሲበርድ አክስቴ ቬርና አጠገቤ ተቀመጠች። አሁን አትስቅም።

"ኤልጂን አንብቦታል?"


መስከረም 10

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አላወለቀም።

"አነበብኩት።"

"ኤልጂን፣ ላስረዳህ—"

"ፈረስ እፈራለሁ'ኮ።"

ሳቅኩ። አልሳቀም።

"ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ አይስቅም። ጥርሱን ሞልተሽለታል። የማይስቅ ሰው ጥርስ ምን ያደርግለታል?"

"አርታኢዋ ናት ያለችኝ…"

"ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የማን ነው?"

የኔ ነው። አሥር ጊዜ ዳስሼዋለሁ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ፦ "መልሴን እዚያ አነበዋለሁ ብዬሽ ነበር። አልፈልግህም ማለት ይቻላል'ኮ፣ ድቧ። ወንድምሽ ማድረግ ምን አስፈለገ?"

"ሳላስተውል ነው! በእግዜር፣ ኤልጂን፣ ሳላስተውል ነው የለወጥኩት!"

ቀና ብሎ አየኝ።

"አስበሽበት ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለና ወጣ።

ሮጬ መከተል ነበረብኝ። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁት። የአንዱ ልጅ እናት ጓንት ጠፋ ትላለች። ጓንት ስፈልግ አውቶቡሱ ሄደ።


ጥቅምት 3

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የታተመስ በምን ይታሻል?

ሜሬዲት አንድም አንባቢ አላማረረም አለችኝ። ብዙ ሰው ወዶታል፣ ለሁለተኛ እትም ተጠይቋል። እንግዲያው አሁን አምባዛው ይመለስ፣ ጥርሱም ይውለቅ፣ ያለዚያ ሁለተኛ መጽሐፍ የለም አልኳት። ጮኼባታለሁ። "ይሄን ያህል አክብደሽ የምታዪው ነገር መሆኑን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አለች። የምር ነው የጠየቀችው።

እውነቷን ነው። አልነገርኳትም። ፈራሁ፣ እምቢ ካልኩ ይመልሱታል ብዬ። አፈርኩ ደግሞ። በምኑ ነው ያፈርኩት? በዚያ ፉጨት ሳቅ?


ኅዳር 27

የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። መንገዱ ሁሉ ተጠርጓል። የኔም። ከጎረቤቶቼ እኩል፣ በተራዬ። ሻይ አፍልቼ ነበር…


ግንቦት 7፣ ቅዳሜ

በአዳራሹ የዓሣ ግብዣ። ሁለተኛው እትም ትናንት ደረሰኝ፣ አንዱን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። ፈረሱ የለም። አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ገብቷል፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ አክስትየዋ ቢንጎ ትጫወታለች። ሰውየው አምባዛ ነው። ልጅቷ ታገባዋለች።

ኤልጂን መጥበሻው ጋ ነበር። ሴቶቹን ሲያስቃቸው ከበሩ ሰማሁት፤ አግነስን "አንቺን ነበር የማገባው፣ ዕድሜሽ ለኔ ገና ነው እንጂ" ይላታል። ስጠጋው ቀልዱን አቆመ። ሳህኔን ተቀብሎ ጥሩ ጥሩውን ዓሣ መረጠልኝ። ቂጣም ጨመረ።

"አስተካከልኩት" አልኩት። መጽሐፉን አወጣሁ። "አምባዛ ሆኗል፣ ኤልጂን። መጨረሻውን አንብበው።"

እጁን ጨርቁ ላይ ጠርጎ ተቀበለኝ፣ እንደ በፊቱ። አገላበጠው። ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ አደረግሽ፣ እህቴ" አለኝ። ድቧ አላለኝም።

ፊቱን አየሁት። አፉ ጥግ ላይ ቀልዱን ፈለግኩ። አንድ ነገር ይጨምራል ብዬ ሳህኔን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። "የሚቀጥለው" አለ፣ በትህትና።

አክስቴ ቬርና አጠገብ ተቀምጬ በላሁ። ዓሣው ጥሩ ነበር። ማንም አልቀለደብኝም።