ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞረ ቤት

ውድ ሳርጂማን፣

በቾዴ ወንዝ በምሥራቁም በምዕራቡም ዳርቻ ለምትኖሩ፣ ዳርቻውን ትታችሁም አራተኛ ፎቅ ላይ ለተሰቀላችሁ ወገኖች በሙሉ፦ ዛሬ ረቡዕ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሊቀመንበራችን የፓክ ጊዮኖ ፍየል የወደፊቱን ከተማ መብላቷን በጥልቅ ኀዘን እናስታውቃለን። ከመናፈሻው ጀምራ፣ በፀሐይ የሚሠሩትን መብራቶች አልፋ፣ እስከ ብስክሌት መንገዱ ድረስ ቆርጥማዋለች። ፍየሏ በመልካም ጤንነት ላይ ትገኛለች።

የበላችው የከተማው አስተዳደር በዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ትልቁን ሥዕል ነው። ሰፈራችን ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነበር። ሌስታሪ፣ ያቺ አርክቴክት፣ የተረፈውን ቁራጭ አይታ ከት ብላ ሳቀች።

«ምባህ አያቴ፣ ሌላ አሠራለሁ። እስቲ ምን ይጨመርበት?» አለችኝ።

«ሽማግሌ ጨምሪበት» አልኳት። «ያ ሁሉ ሰው ሲንሸራሸር አንድ ከዘራ የያዘ የለም። እኛን ፍየሏ አስቀድማ በልታን ነው?»

«እሺ፣ እርስዎን አስገባዎታለሁ።»

«ብቻዬን?»

እርሳሷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። «ከማን ጋር ላድርግዎት?»

ማዶውን አየሁና ስለ ፍየሏ ማውራት ጀመርኩ። ልጅቷ ብልህ ናት፣ አልገፋችኝም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ወረቀት ፈለግሁ።

ሳርጂማን፣ ቤቴ ዞሯል። አትሳቅ። አርባ ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ለወንዙ ጀርባችንን ሰጥተን ኖረናል። ማድ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቆሻሻ መጣያው፣ እንግዳ እንዳያይብን የምንፈልገው ነገር ሁሉ በወንዙ በኩል ነበር። አንተንም ያወቅሁህ በጓሮ በኩል ነው። ከፊትህ ይልቅ ድስቶችህን ለይቼ አውቃለሁ። ጠዋት የማድ ቤትህን መስኮት ከፍተህ «ፖኒራን! ዛሬም አልሞትክም?» ትለኝ ነበር። እኔም «አንተን ሳልቀብር? ምን በወጣኝ!» እልህ ነበር። ወንዙ ደግሞ በመሐላችን የሁለታችንን ቆሻሻ ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

ስለዚያ ስብሰባ አንሥቼልህ አላውቅም። ዛሬ ላንሣው።

ሕጉ አጭር ነበር፦ ከውሃው ሦስት ሜትር ራቅ፣ ወለልህን ከፍ አድርግ፣ ፊትህን ወደ ወንዙ አዙር። ይህን ያደረገ እዚያው ይኖራል፣ አልፈልግም ያለ ከከተማው ዳር ፎቅ ይሰጠዋል። ሌስታሪ ካርታዋን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፣ ለየቤቱም አንዳንድ ትንሽ የካርቶን ቤት አደለችንና በገዛ እጃችን እንድናስቀምጥ አደረገች። ሁላችንም አስቀመጥን። አንተ ግን የካርቶን ቤትህን ጨብጠህ «ልኬቱ ትክክል አይመስለኝም» አልክ። ተለካ። «እስቲ እንደገና» አልክ። ሦስት ጊዜ ተለካልህ።

ነገሩ የልኬት እንዳልሆነ ማንም ባያውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ከቤትህ የሚቆረጠው ሦስት ሜትር የሱቲናህ ማድ ቤት ነበር። ሚስትህ ሠላሳ ዓመት የጉደግ ወጥ ቀቅላ የሸጠችበት፣ ሽታው ወንዝ ተሻግሮ ከእንቅልፌ የሚያነሣኝ፣ እሷ ከሞተች በኋላም ድስቷን ከተሰቀለበት ያላወረድክበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ምላሴን ይበላኛል። የካርቶን ቤትህን ከእጅህ ነጠቅሁና ካርታው ላይ ወንዙ መሐል አስቀመጥኩት። «ሳርጂማን ወደኋላ አልልም ካለ ጀልባ እንሥራለት! እዚያ እንደሆነ የሚለካው አያገኝም!» አልኩ።

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሌስታሪ እንኳ አፏን በካርታው ጫፍ ሸፈነች።

አንተም ፈገግ አልክ። «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አልክ በዝግታ። ጃቫ ተወልጄ ጃቫ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፈገግታና «ልክ ነው» እንዲያ በዝግታ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ የልጅ ልጆቼ እንኳ ያውቁታል። እኔ ግን አብሬህ ሳቅሁ። የካርቶን ቤቱን ከወንዙ አንሥተህ ሸሚዝ ኪስህ ከተትከው። በሦስተኛው ቀን የፎቁን ቁልፍ ፈርመህ መውሰድህን ከሰው ሰማሁ። ሁለት ዓመት ሆነው።

አንድ ጊዜ መጥቼ ነበር፣ አታውቅም። ባለፈው የዝናብ ወር አንድ ጥቅል የአኩሪ አተር ቴምፔ ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁት። በርህ አረንጓዴ ነው። ውስጥ ሬዲዮህ የአሻንጉሊት ትያትሩን ያሰማ ነበር፣ አንተም እንደ ልማድህ ከተራኪው ቀድመህ ትናገር ነበር። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ግን ስትከፍት የምልህን ቀልድ አጣሁ። ሰባ አራት ዓመት ስኖር ቀልድ ሳልይዝ የሰው ደጃፍ ቆሜ አላውቅም። ቴምፔውን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ። ለአንተ እንዲያደርስ አልነገርኩትም፣ እንደበላው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ቤቴን አፈረስኩ። የእኔንም ማድ ቤት በገዛ እጄ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ጎረቤቱ ሁሉ ተባብሮ ወለሉን ከፍ አደረገልኝ፣ የድሮው ጓሮ ዛሬ ፊት ለፊት ሆኗል። ቀርከሃ በረንዳ አለኝ፣ ሁለት ወንበርም አለው። ሌስታሪ «ለምን ሁለት?» ስትለኝ «አንዱ ለእግሬ ነው» አልኳት። ውሃው ጠርቷል፣ ቆሻሻ የሚጥልበት የለም፤ እያንዳንዱ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ እያየ ማን ይደፍራል? ሰዎች በውሃው ዳር ባለው መንገድ ማታ ማታ ይንሸራሸራሉ፣ «ምባህ፣ እንዴት አመሹ» እያሉኝ ያልፋሉ። ያልፋሉ ነው የምልህ። ሱራባያ ከተማ ያሉት የልጅ ልጆቼ እሑድ እሑድ በስልክ ይደውላሉ። «አያቴ፣ ስልኩን ያርቁት፣ የሚታየን ጆሮዎ ብቻ ነው» ይሉኛል። አርቄው ፊቴን ካዩት በኋላ ብዙ አይቆዩም።

አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ፣ ረስቼ፣ በሬን ከፍቼ «ሳርጂማን! ዛሬም አልሞትክም?» ብዬ ጮህኩ። መንገዱን የምትጠርገው ሴትዮ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አየችኝ። «ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው» አልኳት።

ከፊቴ ያለው የአንተ ባዶ ቦታ ነው። ቤትህን አፍርሰው እንጨቱን ወስደዋል። ሦስቱ ሜትር መንገድ ሆኗል፣ አልዋሽህም፣ ማድ ቤቱ አይመለስም። ግን ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ሊያፈሱበት ሲሉ የሱቲናህን ቀይ የሸክላ ንጣፍ አገኙ። ወለሉ ደኅና ስለሆነ ትተውት አለፉ። መንገዱ እዚያ ሲደርስ አምስት እርምጃ ያህል ቀይ ነው። ሰው ሁሉ ይረግጠዋል፣ የማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ስደርስ ጫማዬን አወልቃለሁ። ይህን ለማንም እንዳትናገር፣ አረጀ ይሉኛል።

ከኋላው ያለው ቦታ፣ አራት በስድስት ሜትር፣ እስካሁን ባዶ ነው። ባለፈው እሑድ ኮሚቴው ለአንድ ከሰሜን ለመጣ ቤተሰብ ሊሰጠው ተሰብስቦ ነበር። ደኅና ሰዎች ናቸው፣ ቤትም ያስፈልጋቸዋል። እጅ ሊወጣ ሲል ጊዮኖ ተነሣ።

«ቆይ አንዴ» አለ። «ከእሳተ ገሞራው ተራራ ጭቃ ወርዶ ወንዙ ሲሞላ፣ የእንጨቱን ደወል እየደበደበ ከቤት ያወጣን ሳርጂማን ነው። የራሱን ዕቃ አላወጣም፣ እኛን ነው ያወጣው። ይህ ሰው ፎቅ ፈልጎ አልሄደም። በሳቃችን ነው ያባረርነው። ለእነዚህ ሰዎች ከመስጊዱ ጎን ቦታ አለ። የሳርጂማን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠበቅ።»

ከዚያ አንድ በአንድ እጅ ወጣ። ቤተሰቡም ከመስጊዱ ጎን ያለውን ቦታ ወዶታል። እንግዲህ ቦታህ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። መጥተህ ራስህ መፈረም አለብህ፣ ሌላ ሰው ሊፈርምልህ አይችልም፤ ጠይቄያለሁ። መታወቂያህን ያዝ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔም በቀረኝ ዘመን የማላውቀውን ሰው ድስት እያየሁ እኖራለሁ።

ተመለስ ስልህ ወንዙ ስለጠራ ወይም መብራት ስለበዛ አይደለም። ይህን ሁሉ ሠርተን ስንጨርስ አንተ የሌለህበት ሆነ። ሌስታሪ ከተማ ማለት ምን እንደሆነ በሚያምር ቃል ታስረዳለች፣ እሰማታለሁ፣ እውነትም ትመስለኛለች። እኔ የማውቀው ግን ጠዋት የሚሰድበኝ ሰው እንደሌለ ነው።

የካርቶን ቤትህን ወንዝ ውስጥ በመጣሌ ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ስጽፍ ቀልድ ልጨምርበት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ሰርዤዋለሁ፣ ስርዙን ታየዋለህ።

አሁን ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት አንድ ነገር ላርም። ፍየሏ እውነት ናት፣ ቴምፔውም እውነት ነው። የፈጠርኩት ጊዮኖን ነው። ጊዮኖ የዚያን ዕለት ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቶ ነበር። የተነሣሁት እኔ ነኝ። ቀልድ ሳልይዝ ተናገርኩ። ደግሞም «አባረርነው» አላልኩም። «እኔ ነኝ ያባረርኩት» ነው ያልኩት። ማንም አልሳቀም።

በሬን ክፍት አድርጌ የምጠብቅህ፣

ፖኒራን
ከምሥራቁ ዳርቻ