ወለተ ኪዳን የምትባል የለችም

ውድ ማንጠግቦሽ፣

በወረቀት የጻፍሁልሽ ወድጄ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ዘግቼሽ ነበር፤ ስከፍተው ደግሞ ገጽሽን አጥፍተሽው አገኘሁ። "የሉማሜ ልጆች" የሚለውን ቡድን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን የመለስሁልሽም በገዛ ስሜ ነው።

የጻፍሽው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። "እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከተኛች ሃያ ቀኗ። ስንቱን አራስ ያረሰች ሴት ዛሬ አንድ ጠያቂ አጣች። ሉማሜዎች፣ ሰው አይደላችሁም። እንዲያው ወለተ ኪዳን ብላችሁ በጸሎት አስቧት።"

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሚስቴ መሲ ወተት እንኳ ሳታሸት አትጠጣም ትለኛለች። ገጹ የተከፈተው በዚያው ሳምንት፤ ፎቶው አበባ፤ ስሙ "የእናቷ ልጅ"። በዚያ ላይ ስድብ አለበት። ይሄ ሊያጣላን የመጣ ሰው ነው አልሁ። ሉማሜ ተወልዶ ሉማሜ ላረጀው ለአስማማው ደወልሁለት። "ወለተ ኪዳን? እንዲህ የምትባል የለችም" አለኝ። ይህንኑ ጻፍሁና ማስረጃ አምጪ፣ አለዚያ ይነሣል አልሁሽ። "ማስረጃዬ አልጋ ላይ ናት፤ መጥታችሁ እዩዋት" ብለሽ መለስሽ። ይኸው ሸሸች አልሁ። አርባ ሦስት ሰው ሳቀብሽ፤ እኔም አጠፋሁት። ስድቡን አይቼ ለቅሶውን ሳላይ ቀረሁ።

በዘጠነኛው ቀን የእናትሽ የእትዬ የብርጓል ሞት ተነገረ። ጎረቤት ሁሉ አንቺ ዘንድ ጉንደ ወይን የሄዱ መስሎት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለአንቺ የቆረሱትን ዳቦ ለእኔም ይቆርሱልኝ ነበርና ለቀብር ሄድሁ። ካህኑ ፍትሐቱን ሲያደርሱ "ነፍሰ አመትከ ወለተ ኪዳን" አሉ። ያ ጽሑፍ የማን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ስድስት ዓመት ዲያቆን ነበርሁ እኮ። ለጸሎት የሚሰጠው የክርስትና ስም እንደሆነ፣ እሱን ደግሞ ጎረቤት እንደማያውቀው፣ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" ስልሽ "መጣህ?" ብቻ አልሽኝ። ያንን "መጣህ" እስካሁን አገላብጠዋለሁ፤ ይቅርታ ይሁን ቁጣ አላውቅም። አየሽ፣ አሁንም እጠረጥራለሁ። ቀድሜ ለብቻሽ "የማን ልጅ ነሽ?" ብዬሽ ቢሆን በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ እገኝ ነበር። ሆስፒታሉ እዚህ ማርቆስ ካለው ቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ያደረግሁትን ሁሉ ቡድኑ ላይ ጽፌዋለሁ። ከሳቁት ሁለቱ "አሁን ምን አስነሣው?" አሉኝ። ከእንግዲህ አልቅሶም ተቆጥቶም የጻፈን ሰው ለብቻው ሳልጠይቅ በአደባባይ አልመልስለትም። እሳቸውን ግን ይህ አይመልሳቸውም።

ለአርባው እመጣለሁ። ካልፈለግሽ በአስማማው ላኪብኝ፤ እቀራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ለእሳቸው ስትጸልዪ እኔንም አስቢኝ። የክርስትና ስሜ ወልደ ሩፋኤል ነው። ማስረጃ ግን የለኝም።

መሳፍንት