ቫይረስ በላው የተባለው የእድር ዝርዝር

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2003

ቫይረስ በላው አሉ። መቼም አምቦ ውስጥ ቫይረስ የማይበላው ነገር የለም። ማተሚያው ቀለም ሲጨርስ ቫይረስ፣ መብራት ሲጠፋ ቫይረስ። ባለፈው ሳምንት አንዱ የሒሳብ መምህር የማውሱ ገመድ ተነቅሎ ሳለ "ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። ዲግሪ ያለው ሰው ነው።

ዛሬ ደግሞ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ኦቦ ፈቃዱ ፍላሽ ዲስክ እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የአይሲቲ መምህርት ስለሆንኩ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ አምና የውሃ ፓምፕ ያመጣልኝ ሰው ነበር። "ቲቸር፣ የአባላቱ ስም እንግሊዝኛ ሆኗል፤ እንግሊዝኛም ሆኖ አይነበብም" አሉኝ። ከፈትኩት። እውነትም ከላይ እስከ ታች ቅንፍ፣ ኮማ፣ የዶላር ምልክት። በነሐሴ ማሽኑን "ያጸዳው" የጊንጪ ባለሙያ ፋይሉን ቫይረስ በልቶታል፣ ሁሉም ተጠርጎ እንደገና ይጫን ብሏቸዋል። ራሴን አመመኝ ላለው አንገት የሚቆርጥ ባለሙያ ነው።

ነገሩ ቀልድ ቢሆን ስቄ በተውኩት። እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ዝርዝሩ ከጠፋ ወዲህ ድሮ የተሰናበቱ ሰዎች ሁሉ "አባል ነኝ" እያሉ ስለመጡ፣ ካርድ ያላሳየ እንደ አዲስ ይመዝገብ ተብሏል። አዲስ አባል ደግሞ እስከ ስድስት ወር ድንኳን የለውም፣ ቀባሪ አይወጣለትም። የጎረቤቴ የአዴ ወርቄ ካርድ ክረምት ላይ ቤታቸው ሲያፈስ በስብሶ ቀርቷል። ባለቤታቸው ኦቦ ለታ ኩላሊታቸውን ታመው ከተኙ አራተኛ ወራቸው ነው። ስድስት ወር የሚቆዩ አይመስለኝም።

"አዴ ወርቄን አያውቋቸውም እንዴ?" ብላቸው፣ ኦቦ ፈቃዱ "እንዴት አላውቃትም፣ የክርስትና ልጄ እናት ናት። ግን ደንብ ደንብ ነው" አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 2

ከክፍል በኋላ እድር ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ልብስ ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት አገኘሁት። ሙሽራ ይመስላል፤ ሥራውም እንደ ሙሽራ መቀመጥ ነው። አበባው የአየር መውጫውን ዘግቶታል። አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ገንዘብ ያዡ ወዲያው መልሰው ሰቀሉት።

ቫይረስ የለም። ዝርዝሩን ከሁለት ዓመት በፊት የተየቡት ጡረታ የወጡት ጸሐፊ እትዬ አስናቀች ናቸው፤ የተየቡትም በጥንት የአማርኛ ፕሮግራም ነው። በዚያ ፕሮግራም የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ትመቻለሽ፣ እሱ ላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። የጊንጪው ሰውዬ ማሽኑን ሲጠርግ ፕሮግራሙን አብሮ ጠረገው። ስሞቹ አሉ፤ የተገፈፈው ልብሳቸው ነው።

ይህንኑ ለኮሚቴው በዝርዝር አስረዳሁ። ኦቦ ፈቃዱ በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ "ስለዚህ ቫይረሱ የበላው ልብሱን ነው" አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ላወርድ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ዓለም በጣታችሁ ጫፍ ነው እያልኩ ተማሪ የማታልል ሰው ነኝ እኮ። አርባ ደቂቃ ጠብቄ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋረጠ። እንደገና ጀመርኩ፣ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ኢሜይሌን እንኳ አላየሁም። ሲመጣ አየሁ፦ ሰባት መልእክት፣ ሰባቱም "ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍሽ" የሚሉ። አንዱን የላከው የባዮሎጂ መምህር ነው። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ የገዛ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ራሱ "ቆንጆ" ብሎ ይጽፍበታል። የሰው ልጅ ይህን ሁሉ ሽቦ ከባሕር ሥር የዘረጋው ለዚህ ነው።

ሦስት የአማርኛ ፕሮግራም አገኘሁ። አንዱም ያ አይደለም። በሦስተኛው ዝርዝሩ የግዕዝ ፊደል ሆነ፣ ግን "ዠጨፐሐ ቀጰ" የሚል ነገር ነው። አብረውኝ የመጡት ኦቦ ፈቃዱ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው "ይኸው፣ አማርኛ ሆነ!" አሉ።

"ያነቡታል?"

"መነጽሬን አልያዝኩም እንጂ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ከሰኞ ጀምሮ ያልጻፍኩት ነገር አለ። የሰው ስም እየጠራሁ ስቀልድ ሦስት ቀን ሸሸሁት።

እድሩ ኮምፒውተሩን ሲገዛ የአባላቱ ስም ያለበት ትልቁ መዝገብ ደህና ነበር። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ እንደ በር የሚከብድ። ጉባኤ ላይ ቆሜ "ወረቀት የአይጥ ቀለብ ነው፣ ዘመኑ አልፏል" ያልኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝ። መዝገቡን ለባለሱቁ ሸጡት፤ ቅጠል ቅጠሉ እየተገነጠለ ስኳርና በርበሬ ተጠቀለለበት። አንድ ቀን የገዛሁት ጨው የተጠቀለለበት ላይ የሰው ስም አይቼ ስቄ ጥዬዋለሁ። የማን ስም እንደነበር አላስታውስም። ለተማሪዎቼ በየሳምንቱ "ግልባጭ ያዙ" እላለሁ። የእድሩን ግልባጭ የያዘ ማንም የለም፣ እኔም ጭምር።

ወደ ቤት ስመለስ አዴ ወርቄ በራቸው ላይ ድንች ይልጣሉ። "ማሎ፣ ኢንተላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ፣ ያ ሳጥን ስማችንን ይመልስ ይሆን?" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለታ ይሰማል እኮ። ድንኳኑስ ምን ሆነ እያለ ይጠይቀኛል" አሉ።

"እየሠራሁ ነው" ብዬ ገባሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 5

እትዬ አስናቀችን ማግኘት ነበረብኝ፣ መጀመሪያውኑ። ያላሰብኩት ስለምንቃቸው ነው። ኮምፒውተርን እንደ ጽሕፈት መኪና የሚደበድቡ ሴት ናቸው። ርዕስ መሐል ለማድረግ የክፍተቱን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ይመታሉ። ሰንጠረዥ በነጠላ ሰረዝ ይሠሩ ነበር። ስንት ቀን ሳቅኩባቸው።

ልጃቸው ጋ ጌዶ ገብተዋል። ስልካቸውን ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው አግኝቼ ያ ፕሮግራም ያለበትን ዲስኬት ጠየቅኳቸው። "ዲስኬቱ? አለ መሰለኝ። ነይ" አሉኝ። ዲስኬት የሚያነብ ማሽን ጌዶ ውስጥ ስለመኖሩ እግዜር ይወቅ። እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ዝርዝሩን በዚያው በቅንፍና በዶላር መልኩ ስድስት ገጽ አተምኩት። ማተሚያውን ለመጠቀም ርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ አጻፉኝ። ማመልከቻውን ያተምኩት በዚያው ማተሚያ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ጌዶ ገበያ ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ ከሁለት በግ ጋር ተጋፍቼ ሄድኩ።

ዲስኬቱ የለም። ማለት ሽፋኑ አለ። ጥር ላይ ፀሐይ ስትጋረድ የልጅ ልጆቻቸው ጥቁሩን ፊልም አውጥተው ፀሐይ አዩበት። እትዬ አስናቀች ይህን ሲነግሩኝ አፍረው ነበር፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ መሳደብ ነበር ያማረኝ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ወረቀቶቹን አወጣሁና "ይኸው፣ የቀረው ይህ ነው" አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ ጽሕፈት መኪና ያለ ይመስል። ወረቀቱን እያዩ በባዶው ጠረጴዛ ላይ መምታት ጀመሩ።

"ገ... መ... ቹ" አሉ። "ገመቹ ቶላ። የወፍጮ ቤቱ።"

እኔ ፊደሉን እያየሁ ምንም አላነብም፤ እሳቸውም በዓይን አያነቡትም። ጣታቸው ነው የሚያውቀው። ቅንፉን ሲያዩ ጣታቸው ወደ ቅንፉ ቁልፍ ይሄዳል፣ ጣታቸው እዚያ ሲደርስ ፊደሉ ካፋቸው ይወጣል። የፕሮግራሙ ቁልፎች እንደ ጽሕፈት መኪናው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት መትተዋቸዋል። አንዳንዱ ላይ ይቆሙና "ቆይ፣ እንደገና" ብለው ከመጀመሪያው ይመታሉ። እኔ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ምሳ ቀረበ፣ አልበላንም።

ስልሳ አንደኛው ላይ "ለታ" አሉ። እጄ ቆመ። "ለታ ጉደታ። ጻፊ እንጂ።" ጻፍኩ። ጽሑፌ ተበላሽቶ ደግሜ ጻፍኩት።

መቶ አርባ ሦስት ስም። ሲጨርሱ ጣታቸውን እያሹ "ርዕሱን ግን መሐል አድርጊው" አሉኝ። ያ ሁሉ ሳቄ ጆሯቸው ደርሶ ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ለምኑ?" አሉ፣ እያወቁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 7

ደብተሩን ትናንት ማታ ወስጄ ለኦቦ ፈቃዱ ሰጥቼ ነበር። አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። "በእጅ የተጻፈማ ማንም ይጽፈዋል። ከኮምፒውተር ሲወጣ ነው የሚታመነው።" ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሰው ቤተ ክርስቲያንና ጸሎት ቤት እያለ እኔ እድር ቤት አበባው ሥር ተቀምጬ ያንኑ ደብተር ተየብኩት። አተምኩት። ማኅተም መቱበት። ታመነ። ርዕሱ መሐል ላይ ነው።

ጉባኤው ላይ ስም ተጠራ። "ስልሳ አንድ፣ ለታ ጉደታ" ሲባል አዴ ወርቄ ከኋላ ተነስተው "አለን" አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ከዚያ እጄን አወጣሁ። መዝገቡን ያሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁንም አዲስ መዝገብ ተገዝቶ ሁሉም በእጅ ይገልበጥ አልኩ። ኦቦ ፈቃዱ በሐዘኔታ ዓይን አዩኝ። "ቲቸር፣ ቫይረስ ላደረገው አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ ተነስቶ በዚህ ዘመን መዝገብ ኋላ ቀርነት ነው አለ። ተጨበጨበለት። መዝገብ ቀርቶ ሁለተኛ ፍላሽ ይገዛ ተባለ። ደብተሩን ይዤ ወጣሁ፤ ከቤቴ አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ለታን ልጠይቅ ገባሁ። ፊታቸው አብጧል፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። እጄን ይዘው "ኢንተላ ኮ፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ስድስት ወር ሳልቆጥር እሞታለሁ" አሉ። አዴ ወርቄ "ምን ዓይነት ወሬ ነው ደግሞ" ብለው ተቆጡ። ሦስታችንም ሳቅን።

ወጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ይህ ሽማግሌ በሽታው ሳያንሰው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ድንኳን ሲጨነቅ የከረመው እኔ ተጨብጭቦልኝ በተናገርኩት ነው። ዛሬ ጥፋቴን ስናገር ጉባኤ ላይ ስላልነበሩ አልሰሙም። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ድፍረቱ ካለኝ።